ሰይፍ ያልገታው ጭስ፦ የትምባሆ ክልከላ፣ ቀረጥና ኮንትሮባንድ በዑስማኒያ ዘመን



ከውጭ የሚገባን ትምባሆ በሕግ መከልከል ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የዛሬ 400 ዓመት ገደማ የዑስማኒያ ሱልጣኖች ከልክለውታል፣ ዑለማዎች ተከራክረውበታል፣ በኋላም ግምጃ ቤቱ ቀረጥ ጥሎበታል። በየዘመኑ ኪሳራው ማን ላይ እንደወደቀ ማወቅ ለዛሬ ወጣትም ይጠቅማል። (ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መድኃኒት ተብሎ ገባ

የታሪክ ጸሐፊው ኢብራሂም ፔቼቪ እንደመዘገበው ትምባሆ ኢስታንቡል የደረሰው በ1009 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም በ1600 ገደማ ነው። ያመጡት እንግሊዛውያን ሲሆኑ፣ ከእርጥበት ለሚመጡ በሽታዎች ፈውስ ነው እያሉ ይሸጡት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጤነኛውም ያጨስ ጀመር። ቡና ቤቶቹ በጭስ ታፈኑ።

ዑለማዎችም ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው። ቅጠሉ በቁርኣንም ሆነ በሐዲሥ በስሙ አልተጠቀሰም፤ በአራቱ የመዝሀብ ኢማሞች ዘመንም አይታወቅም ነበር። በካይሮ ሁለት የማሊኪያ መዝሀብ ሊቃውንት በተቃራኒ ቆሙ። ኢብራሂም አል-ለቃኒ ሐራም ነው ብለው ጻፉ። ዐሊ አል-ኡጅሁሪ ደግሞ አእምሮን እስካልጋረደ ድረስ ይፈቀዳል አሉ። ትምባሆ በሳንባና በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዚያን ጊዜ ገና በሕክምና አልተረጋገጠም ነበር።

የሙራድ ሰይፍ

ቤተ መንግሥቱ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ቀዳማዊ አሕመድ በ1609 ትምባሆን ከለከሉ፤ ሰሚ ግን ብዙ አልተገኘም። በ1633 ታላቅ እሳት የኢስታንቡልን ሰፊ ክፍል አወደመ። አራተኛው ሙራድ ይህን ምክንያት አድርገው ቡና ቤቶችን አዘጉ፤ የሚያጨስ ሰው በሞት እንዲቀጣም አዘዙ። ሱልጣኑን ያሰጋቸው እሳቱ ብቻ አልነበረም። ቡና ቤት ወታደሩና ነጋዴው ተቀምጦ መንግሥትን የሚያማበት ቦታም ነበር።

ቅጣቱ ሰዉን አስፈራ እንጂ ልማዱን አላስተወም። በዘመኑ የነበረውና ከሠራዊቱ ጋር የዘመተው ካቲብ ቼሌቢ፣ በባግዳድ ዘመቻ ላይ በማጨስ የተያዙ የጦር ሰዎች ሲገደሉ፣ ሌሎች ወታደሮች አጫጭር ፒፓ በእጅጌያቸው ደብቀው ቅጣቱ እየተፈጸመ ሳለ እንኳ ያጨሱ እንደነበር ጽፏል። እሱ ራሱ የትምባሆ ወዳጅ አልነበረም። ሆኖም በ1656 ባዘጋጀው መጽሐፉ፣ ሕዝብን ከልማዱ በኃይል ማስጣል እንደማይቻል ገልጾ፣ ሽያጩ በፈቃድ ሆኖ መንግሥት ገቢ ቢሰበስብበት ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ከሰይፍ ወደ ቀረጥ

ሙራድ በ1640 ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሸይኹል ኢስላም የሆኑት በሃኢ አፈንዲ፣ ራሳቸውም አጫሽ ነበሩና፣ የሚፈቅድ ፈትዋ ሰጡ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ መንግሥት ከትምባሆ ቀረጥ መሰብሰብ ጀመረ። የውጭ የነበረው ቅጠል በመቄዶንያና በሶርያ ማሳዎች ላይ በቀለ፤ ዑስማኒያም ትምባሆ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ሆነች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ጥሩ ነው። ትናንት አጫሹን ይገድል የነበረው ግምጃ ቤት አሁን አጫሹ እንዲበዛ የሚሻ ሆነ።

ዕዳና ሬዢ

በ1875 መንግሥቱ የውጭ ዕዳውን በወቅቱ መክፈል አቃተው። በ1881 አበዳሪዎቹ የገቢ ምንጮቹን የሚቆጣጠር የዕዳ አስተዳደር አቋቋሙ። በ1883 ደግሞ የአውሮፓ ባንኮች ለመሠረቱት ሬዢ ለተባለ ኩባንያ የትምባሆ ንግድ በሞኖፖል ለ30 ዓመት ተሰጠ። ኩባንያው በምላሹ በየዓመቱ 750,000 ሊራ ይከፍል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበሬው ያለ ሬዢ ፈቃድ መዝራት አይችልም፤ ምርቱን ወደ ሬዢ መጋዘን ያስገባል፤ ለአገር ውስጥ የሚሸጠውም ለሬዢ ብቻ ነው። ዋጋው ስላላዋጣው ብዙው ወደ ኮንትሮባንድ ዞረ። ሬዢም የታጠቁ ዘበኞች ቀጠረ። በተራራና በባሕር ዳርቻ በተደረጉት ግጭቶች ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። ገዳዩም ሟችም የአንድ አገር ድሆች ነበሩ፤ ትርፉ ግን ወደ ባንኮቹ ይሄድ ነበር። የቱርክ ሪፐብሊክ ሬዢን የወረሰው በ1925 ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

በአገራችንም ትምባሆ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ነበር። መንግሥት በ2016 ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ቀጥሎም ተጨማሪ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ የኩባንያውን ድርሻ ወደ 71 በመቶ አደረሰው። ጉዳዩ ከሬዢ ጋር አንድ አይደለም፤ ይሁንና የትምባሆ ገንዘብ መንግሥታትን ምን ያህል እንደሚስብ ያሳያል።

በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በእኛ አቆጣጠር) ሺሻን፣ የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ማስገባትም ሆነ መሸጥ ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥም ክልክል ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በዚያም ላይ በአንድ ፓኮ 8 ብር ጣለ።

ስለዚህ «ከዱባይ ትንሽ ሙዐሰል አምጣልኝ፣ ትርፉን እንካፈላለን» የሚል ሰው ሲመጣ ሒሳቡን አብረህ አስላ። ዕቃው ቢያዝ ይወረሳል። በሻንጣው የተገኘበት ሰው ይጠየቃል፤ ላኪው ስልኩን ያጠፋል። ስምምነቱን በፍርድ ቤት ማስፈጸም አትችልም፤ ውሉ ራሱ ሕገ ወጥ ነውና። በሬዢ ዘመን በተራራ ላይ የወደቀውም ጭነቱን የተሸከመው እንጂ ያሸከመው አልነበረም።

የዛሬ ዑለማዎች ደግሞ የአል-ለቃኒና የአል-ኡጅሁሪን ዘመን ክርክር ይዘው አልቀሩም። ጉዳቱ በሕክምና ከተረጋገጠ ወዲህ ብዙዎቹ ማጨሱንም መነገዱንም ሐራም ብለዋል። የሙራድ ሰይፍ ያላስጣለውን ነገር ሰው አውቆ፣ በራሱ ውሳኔ ሊተወው ይችላል።

ወላሁ አዕለም። ለሚመለከተው ወንድም ወይም እህት ሼር ያድርጉ።