እርከኑን ማን ሠራው? ማንስ አፈረሰው?

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በብዙ የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች ገበሬው በገዛ እጁ የሠራውን እርከን በገዛ እጁ አፈረሰ። ተከልሎ የነበረው ተራራ ለከብት ተከፈተ፣ በዘመቻ የተተከለው ዛፍም ተቆረጠ። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው እብደት ይመስላል። አልነበረም።

ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ፣ በተለይም ከ1977ቱ እልቂት ወዲህ፣ መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ«ምግብ ለሥራ» ሰፊ የአፈር ጥበቃ ሥራ አካሂደዋል። ገንዘብና እህል ነበረ፣ ጉልበትም ነበረ። ያልነበረው የገበሬው ድምፅ ነው። ዕቅዱ ከላይ ይመጣል፤ አንድ ተፋሰስ ሲባል እስከ 30 እና 40 ሺህ ሄክታር የሚደርስ መሬት ነበር። የተከለለው ተራራ ሣር የማን ነው? ዛፉን ማን ይቆርጠዋል? መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ስለዚህ ገበሬው እርከኑን የመንግሥት ንብረት አድርጎ አየው፤ መንግሥት ሲሄድ ንብረቱም አብሮ ሄደ።

ከዚህ ታሪክ «መንግሥት እጁን ይሰብስብ» የሚል ትምህርት የሚወስዱ አሉ። ማስረጃቸው አብዛኛውን ጊዜ ኮንሶ ነው። እውነትም ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ሙሉ፣ ማንም ሳያዛቸው የድንጋይ እርከን ገንብተዋል። አንዳንዱ ግድግዳ 5 ሜትር ይደርሳል። የጋራ ኩሬ ይቆፍራሉ፣ ክረምት የናደውን በደቦ ይጠግናሉ። ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ነገር ግን ዝናብ በተደጋጋሚ ሲቀር ኮንሶም ይራባል። ድንጋይ መካብ የሚችል ሕዝብ የማይዘንብ ደመና ማዝነብ አይችልም።

የተሻለው ምሳሌ ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ ናት። መሬቷ ከመራቆቱ የተነሳ ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር ታስቦ ነበር። ሕዝቡ መቆየትን መረጠ፤ ተራራውን ከለለ፣ ክትር ሠራ፣ ውኃው ወደ መሬት ሰረገ፣ ጉድጓዶች ውኃ መስጠት ጀመሩ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳቶር ሽልማት ሰጣት። ውሳኔው የመንደሩ ነበር፤ የመንግሥት ባለሙያና ድጋፍ ግን አልተለየውም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ከደርግ ዘመን ስህተት ተምሯል። ተፋሰሱ አነሰ፣ ዕቅዱም ከማኅበረሰቡ ጋር ይወጣ ጀመር (ቢያንስ በመመሪያው እንዲህ ይላል)። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የለጋሾች ነው። ለጋሽ ሲቀንስ ዕቅዱ ይታጠፋል።

ለምን ከአገር በጀት ይከፈላል የሚል ካለ ቆቃን ይመልከት። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግድብ ባለፉት አሥርት ዓመታት ውኃ ሊይዝ የሚገባውን ብዙ ቦታ ለደለል ለቋል። ያ ደለል ከላይ ካለው ገበሬ ማሳ የታጠበ አፈር ነው። ገበሬው እርከን ሲሠራ የራሱን ማሳ ብቻ አይደለም የሚያድነው፤ የከተሜውን መብራትና የታችኛውን አዋሽ መስኖ ጭምር ነው። ይህንንም በየዓመቱ በነፃ ጉልበት ዘመቻ፣ ያለ ክፍያ ይሠራዋል።

የሚጠየቀው ገንዘብም የተጋነነ አይደለም። ለክትሩ ሽቦና ሲሚንቶ፣ ለችግኝ ጣቢያው ውኃ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለጥገና። የዘመቻ በጀት ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ ይቆጥራል። ከክረምቱ በኋላ ስንቱ እንደቆመ የሚቆጥር፣ የፈረሰውንም ለሚጠግን መንደር የሚከፍል መደብ ግን አብዛኛው ወረዳ የለውም።