የክትባት ዋጋ

በ1762 ዓ. ም. የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ጎንደር በደረሰ ጊዜ፥ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶ አገኘ። የነገሥታቱን ልጆች ያልማረ ደዌ በፎገራ ሜዳ የሚኖረውን የገበሬ ልጅ እንደምን ይምረው ነበር?

ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከታማሚው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በመብጣት ያስገባ ነበር። ዘዴው ብዙዎችን ቢያድንም አንዳንዱን ይገድል፥ በሽታውንም ለጎረቤት ያስተላልፍ ነበር።

በ1963 ዓ. ም. የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር፥ አዲሱ ክትባት ያለ ዋጋ ቢሰጥም፥ በጎጃምና በበጌምድር ደጋ ብዙ ሰው የለመደውን ዘዴ አምኖ እንቢ አለ። ከዚህ የምንማረው፥ እምነት በሌለበት ስፍራ የዋጋ መቅረት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቢሆንም ሠራተኞቹ ታማሚውን እየፈለጉ በዙሪያው ያለውን ሁሉ በመክተብ፥ በነሐሴ 1968 ዓ. ም. የኢትዮጵያን የመጨረሻ ታማሚ በኦጋዴን በረሃ በዲሞ አገኙ።

ለፈንጣጣ አንድ ጊዜ መከተብ ይበቃ ነበር። የዛሬው ሕፃን ግን እንደ ተወለደ፥ በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንቱ፥ ደግሞም በ9ና በ15 ወሩ ይጠራል። ስለዚህ ዋናው ችግር መጀመር ሳይሆን መመላለስ ነው። ስጦታ የሚረዳውም በዚህ ነው።

በ2002 ዓ. ም. ከህንድ አገር፥ ከኡዳይፑር ገጠር የወጣ ጥናት ይህን ያስረዳል። ምንም አዲስ ነገር ባልተደረገባቸው መንደሮች ክትባታቸውን የፈጸሙ ሕፃናት ከመቶ 6 ነበሩ፤ ከታቢዎች ቀን ሳያጓድሉ በየወሩ በመጡባቸው 18፤ በዚሁ ላይ ለእናቲቱ በየክትባቱ አንድ ኪሎ ምስር፥ በፍጻሜውም ሳህኖች በተሰጡባቸው 39 ሆኑ። ምስሩ ሀብት አይደለም፤ ለዛሬ ድካም የዛሬ ካሳ ነው። የክትባት ጥቅም ሩቅ ሲሆን ድካሙ ቅርብ ነውና።

የፎገራ እናት ይህን ድካም ታውቀዋለች። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ መንገዱ ይቆረጣል፤ የሩዙም አረም በዚያው ወራት እጇን ይፈልጋል። ወደ ወረታ ወይም ወደ ቀበሌዋ ጤና ኬላ የምትሄድበት ቀን ከእርሻዋ የተቆረጠ ቀን ነው።

እንግዲህ ለቤተሰብ ማበረታቻ እንስጥ ከማለት በፊት ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያ ጥርጣሬዋን በትዕግሥት ማስረዳት፤ ቀጥሎ ክትባቱ በተቀጠረው ቀን እንዲገኝ ማድረግ፤ ከዚያም የጠፋ ቀኗን መካስ። ውኃ ተሻግራ ሕፃኗን አዝላ የመጣች እናት «ክትባቱ አልቋል» ተብላ ከተመለሰች፥ በሁለተኛው ቀጠሮ የሚያመጣት ምስር አይገኝም።