ከመደበኛው ምደባ ውጭ የሆነ የሕግ ትምህርት ቤት ቅበላ

ከመደበኛው ምደባ ውጭ የሆነ የሕግ ትምህርት ቤት ቅበላ የሚባለው ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትን መሠረት አድርጎ ከሚያካሂደው ምደባ በተለየ መንገድ ሰዎች ወደ ሕግ ትምህርት የሚገቡበት አሠራር ነው። የማታ ተማሪዎች፣ መሥሪያ ቤታቸው ልኳቸው የሚማሩ ሠራተኞች፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩ፣ በሌላ ሙያ ዲግሪ ይዘው ሕግን እንደ ሁለተኛ ሙያ የሚጀምሩ፣ ያቋረጡትን ትምህርት የሚቀጥሉ፣ ለአንድ ሴሚስተር የሚመጡ ጎብኚ ተማሪዎችና ውጭ አገር ተምረው የሚመለሱ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

በአዲስ አበባ ይህ አሠራር በዋናነት በሁለት የመንግሥት ተቋማት ውስጥ ያለፈ ታሪክ አለው። አንዱ በእንጦጦ ግርጌ፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነው። ሌላው ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው የየካ አቅጣጫ መንገድ ላይ ያለው፣ ለቀላል ባቡር ጣቢያም ስሙን የሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1954 ዓ.ም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቋቋም ራሱን የቻለ የሕግ ፋኩልቲ አልነበረውም። ፋኩልቲው የተከፈተው በ1956 ዓ.ም ሲሆን የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። መከፈቱን አስቸኳይ ያደረገው አገሪቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያወጣቻቸው ሕጎች ብዛት ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ በ1958 ዓ.ም ወጥተዋል። ችሎት ላይ የተቀመጡት ዳኞች ግን በአብዛኛው በልምድ እንጂ በዘመናዊ የሕግ ትምህርት የመጡ አልነበሩም።

በዚህ ምክንያት ፋኩልቲው ከጅምሩ በቀን ተማሪ ብቻ አልተወሰነም። በማታው ክፍለ ጊዜ ለዳኞች፣ ለፖሊሶችና ለመንግሥት ሠራተኞች የዲግሪ፣ የዲፕሎማና የሰርተፍኬት ትምህርት ይሰጥ ነበር። ዛሬ ልዩ የሚመስለው የአመልካች ዓይነት የኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ከተመሠረተ ጀምሮ የነበረ ነው።

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ገጠር ዘመቱ። ያቋረጠ ተማሪን መልሶ መቀበልና የተማረውን መቁጠር በዚያን ጊዜ የመላው ተቋም ጥያቄ ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ምዕራፍ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በ1987 ዓ.ም መቋቋም ነው። አዲሱ የፌዴራል አወቃቀር ለእያንዳንዱ ክልል የራሱን ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግና ምክር ቤት ሲሰጥ በእነዚህ ቦታዎች የሚቀመጥ የተማረ ሰው እጥረት ወዲያው ታየ። ኮሌጁ ክልሎች ከየመሥሪያ ቤቱ መርጠው የሚልኳቸውን ሠራተኞች ተቀብሎ በሕግና በሌሎች ዘርፎች አሠለጠነ። በ1990ዎቹ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐሮማያና ባሕር ዳርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ሲከፍቱ ቦታው ሰፋ። የግል ኮሌጆችም በማታና በርቀት ብዙ ሠራተኞችን ያስተምሩ ነበር። ነሐሴ 2002 ዓ.ም መንግሥት የሕግና የመምህርነት ትምህርት በመንግሥት ተቋማት ብቻ እንዲሰጥ ሲወስን ግን ይህ በር ጠበበ።

የአመልካቾች ዓይነት

የማታ ተማሪዎች። የተከታታይ ትምህርት ወይም በተለምዶ ኤክስቴንሽን የሚባለው መንገድ ከሁሉም ሰፊው ነው። ተማሪው በራሱ ወጪ ይማራል፤ በመደበኛው ምደባ እንደገባው ተማሪም በወጪ መጋራት ውል አይታቀፍም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይመዝናል። የማታ ተማሪ ዋነኛ ችግር የተግባር ትምህርት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወይም በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የሚደረግ የተግባር ልምምድ ይጠይቃል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የካ ምድብም ሆነ ሌላው ችሎት የሚያስችለው በቀን፣ ተማሪው ራሱ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው።

በመሥሪያ ቤት የሚላኩ። የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ መለያ የሆነው ይህ መንገድ ከትምህርት ማስረጃ በተጨማሪ የሥራ ልምድና የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ደመወዙ እየተከፈለው ይማርና ሲጨርስ በላከው መሥሪያ ቤት ለተወሰነ ዓመት የማገልገል ግዴታ ይገባል። ግዴታውን ሳይወጣ መልቀቅ የወጣበትን ወጪ መመለስ ያስከትላል።

ዲግሪ ያላቸው። ቀድሞ በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት፣ በታሪክ ወይም በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው ሕግን ሲጀምር እንደ እንግሊዝኛ ወይም ሎጂክ ያሉ የጋራ ኮርሶች ሊታለፉለት ይችላሉ። ዋናዎቹ የሕግ ኮርሶች ግን አይታለፉም። በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ በሌላ ሙያ ማስተርስ መያዝ የሕግ ባለሙያ የመሆኛውን መንገድ አያሳጥርም።

የሚዛወሩ። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር በአብዛኛው የሚፈቀደው በሕመም፣ በቤተሰብ ሁኔታ ወይም በመሰል ምክንያት ሲሆን የሁለቱንም ተቋማት ስምምነትና የተቀባዩን ክፍት ቦታ ይጠይቃል። በሕግ ትምህርት ዝውውሩን የሚያቃልለው በ1998 ዓ.ም የተጀመረው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው የመጀመሪያ ዲግሪውን የአምስት ዓመት አድርጎ የአገሪቱን የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥርዓተ ትምህርት አቀራርቧል። የውል ሕግ፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ የንብረት ሕግ፣ የውርስ ሕግና የሥነ ሥርዓት ሕጎች ጎንደርም ይሁን አዲስ አበባ ቢማሩ የሚመነጩት ከተመሳሳይ የሕግ መጻሕፍት ነው።

በጦርነት ምክንያት የሚደረግ ዝውውር ለብቻው የሚታይ ነው። በ2014 ዓ.ም ትምህርት ሚኒስቴር የመቀሌ፣ የአክሱም፣ የአዲግራትና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ተቀብሎ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መድቧል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ካሉበት ከትግራይ ጋር የነበረው ግንኙነት በተቋረጠበት ወቅት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከላኪው ተቋም ይምጣ የሚለውን የተለመደ ሕግ መከተል አይቻልም ነበር።

ዳግም ቅበላ የሚጠይቁ። ትምህርቱን በአግባቡ የዊዝድሮዋል ቅጽ ሞልቶ ያቋረጠና ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ እኩል አይታዩም፤ የመጀመሪያው መብት ሲኖረው የሁለተኛው ጉዳይ በኮሚቴ ውሳኔ ላይ ይወድቃል። በሕግ ትምህርት ደግሞ የጊዜ ርዝመት ራሱ ችግር ያመጣል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የወንጀል ሕጉ በ1996፣ አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም ወጥተዋል። ከ2013 በፊት የንግድ ሕግ ኮርስ ወስዶ ያቋረጠ ሰው ክሬዲቱ ቢቆጠርለት እንኳ ከተማረው ሕግ ብዙው ተሽሯል።

ጎብኚ ተማሪዎች። ዲግሪያቸውን ከሌላ ተቋም እያገኙ ለአንድ ሴሚስተር የሚመጡ ተማሪዎች በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ብርቅ ናቸው። የታወቀው ምሳሌ በድኅረ ምረቃ ነው። የደቡብ አፍሪካው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በሚመራው የአፍሪካ ሰብአዊ መብትና ዴሞክራሲ ማስተርስ ፕሮግራም ተማሪዎች የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፕሪቶሪያ ጨርሰው ለሁለተኛው ወደ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ይበተናሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል ከእነዚህ አጋሮች አንዱ ነው። ማዕከሉ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ከተማ ውስጥ መሆኑም ለተመራማሪ ተማሪ ይጠቅማል።

ከውጭ የሚመለሱ። ውጭ አገር የተገኘ ማስረጃ አስቀድሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ሊሰጠው ይገባል። ኬንያ ወይም እንግሊዝ የተማረ ሰው የመጣው በፍርድ ውሳኔዎች ላይ ከቆመ የሕግ ሥርዓት ስለሆነ የኢትዮጵያን የሕግ መጻሕፍትና የሥነ ሥርዓት ሕጎች እንደ አዲስ መማር ይኖርበታል።

ማስረጃና ክሬዲት

በሁሉም መንገዶች የአመልካቹን ዕድል የሚወስነው የሬጅስትራር ሥራ ነው። ተቀባዩ ተቋም የሚጠይቀው ከላኪው ሬጅስትራር በቀጥታ የሚመጣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትን ነው፤ ተማሪው በእጁ የያዘው ስቱደንት ኮፒ ለመጀመሪያ ምርመራ ካልሆነ አይበቃም። በወጪ መጋራት የተማረ ሰው ዕዳውን ሳይከፍል ወይም ክሊራንስ ሳይጨርስ ይህን ሰነድ ማስላክ ይቸግረዋል። ከትራንስክሪፕቱ ጋር የኮርስ ዝርዝር መግለጫ ማቅረብም ያስፈልጋል፤ ክሬዲት የሚቆጠረው በኮርሱ ስም ሳይሆን በይዘቱና በክሬዲት ሰዓቱ መቀራረብ ነው። ዝቅተኛ ውጤት የተገኘበት ኮርስ በአብዛኛው አይቆጠርም። ዲግሪ ሰጪው ተቋምም ተማሪው የተወሰነውን የትምህርት ክፍል እዚያው እንዲማር ያስገድዳል።

ለሁለተኛ ዲግሪ የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ግዴታ ሲሆን በቅርብ ዓመታት ትምህርት ሚኒስቴር ያስጀመረውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍም ተጨምሯል።

የመውጫ ፈተና

ሕግ በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና የተጀመረበት የመጀመሪያው የትምህርት መስክ ነው፤ ጅማሬው በ2003 ዓ.ም ነበር። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ፈተናው በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ግዴታ ሆኗል። የማታ ተማሪ፣ ተዛውሮ የመጣና በምደባ የገባ ተማሪ አንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣሉ። ፈተናው የመግቢያ መንገዶችን ልዩነት መውጫው ላይ ያጠብበዋል፤ በክሬዲት ዝውውር ወይም በዓመታት መቋረጥ የተፈጠረ የእውቀት ክፍተትም የሚገለጠው እዚያ ላይ ነው። ለጥብቅና ደግሞ በፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ንጽጽር

በአሜሪካ ሕግ የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ለሦስት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ወደ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት መዛወሩ የተለመደ ሲሆን ዲግሪውን የሚሰጠው ተቀባዩ ነው። ጎብኚ ተማሪ ግን የመጨረሻውን ዓመት ሌላ ቦታ ተምሮ ዲግሪውን ከመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ያገኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕግ ተምረው አሜሪካ የሚሄዱ ባለሙያዎች በብዛት የሚመርጡት የአንድ ዓመቱን ማስተርስ ነው። ኒው ዮርክ ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለውን እንዲህ ያለ ፕሮግራም፣ ሌሎች መስፈርቶች ተሟልተው ሲገኙ፣ ለጥብቅና ፈተና መቀመጫ ትቀበለዋለች።

በኢትዮጵያ የቅበላ መስፈርቶች በዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሕግና በየዓመቱ በሚወጡ ማስታወቂያዎች ይወሰናሉ። አመልካች ክፍያ ከመፈጸሙ ወይም ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ምን ያህል ክሬዲት እንደሚቆጠርለት ከተቀባዩ ሬጅስትራር በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።