ከመጥረቢያ እስከ መላጊያ መኪና፤ የአንድ ምላጭ ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የእንጨት ሥራ ክፍል የምትገኘው የመላጊያ መኪና ዘንድሮ እንጨት መላጓን ትታ እንጨት መንጨት ጀመረች። ጣውላው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ሲወጣ ፊቱ ድመት የቧጠጠው ይመስል ነበር። መምህራችን ሦስቱን ምላጮች አወረዱና በጠረጴዛ ላይ ደርድረው ካሳዩን በኋላ «ለአዲስ ምላጭ መግዣ የሚሆን ገንዘብ አለ፤ ተሳስተን እንደገና የምንገዛበት ግን የለም። ምን ዓይነት እንደምንገዛ እናንተው አጥንታችሁ ንገሩኝ» አሉን። እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጥናቱን ስንጀምር ከዋጋው አስቀድሞ ታሪኩ ሳበን። እነሆ፣ ያገኘነውን በዚህ የበዓል መጽሔት ለክቡራን አንባብያን፣ ለወላጆቻችንም ጭምር እናቀርባለን።

ይህችን መኪና ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ አሠራሯ እንደሚከተለው ነው። ሁለት የብረት ገበታዎች በአንድ መሥመር ተዘርግተዋል። በመካከላቸው አንድ ዘንግ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ በዘንጉ ላይ የታሰሩት ምላጮችም ከሥር ሆነው የጣውላውን ሆድ ይልጋሉ። የተጣመመ ጣውላ የሚቃናው፣ የሁለት ጣውላዎችም ጠርዝ ያለ ክፍተት የሚገጥመው በእርሷ ነው።

አባቶቻችን እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ዛፍ ግን ነበራቸው። ከተማችን እንጅባራ ኮሶ በር እየተባለች መጠራቷ ብቻ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ የአዊ ደገኛ ሁሉ የሚያውቃቸው ዛፎች ነበሩ። ግንዱ በሽብልቅ ይሰነጠቅና በመጥረቢያ ይጠረብ ነበር፤ ከአንድ ትልቅ ግንድ የሚገኘው ሳንቃ ጥቂት ሲሆን፣ የቀረው ፍላጭ ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄድ ነበር። ብክነቱ ያሳዝናል፤ ሆኖም በመጥረቢያ የተጠረበን የቤተ ክርስቲያን በር በእጁ የዳሰሰ ሰው ጠራቢውን ሊንቅ አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ኮርቻ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልወደድንም። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል። ከጌጡና ከቆዳው በታች ያለው የኮርቻ እንጨት ግን አንድም ቀጥ ያለ ፊት የለውም። ስለዚህ የመላጊያ መኪና የቱን ያህል ብትራቀቅ ኮርቻ ልትሠራ አትችልም። መጥረቢያና መሮ ዛሬም ከሥራ አልተሰናበቱም ማለት ነው።

የእንጨት ሠራተኛው ቋንቋም ራሱ የታሪክ መጽሐፍ ሆኖ አገኘነው። መጥረቢያ፣ ምሳር፣ መሮ፣ መጋዝ፣ መላጊያ የምንላቸው የራሳችን ቃላት ናቸው። ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሞራሌና ኮምፔርሳቶ ግን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በእንጨት ሥራ ክፍላችን ውስጥ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው ሁለቱንም ወገን ሲሰማ ይውላል፤ ማንም ግን የትኛው ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም።

የመኪናይቱ ታሪክ የሚጀምረው በሩቅ አገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ሳሙኤል ቤንታም የተባለ እንግሊዛዊ ስለ እንጨት መላጊያ መኪና የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1828 ደግሞ ዊልያም ውድወርዝ የተባለ አሜሪካዊ በአገሩ ለሚሠራ መኪና መብት ተሰጠው። በጥንቶቹ መኪናዎች ምላጮቹ የሚታሰሩት አራት ማዕዘን በሆነ ዘንግ ላይ ነበር። አራት ማዕዘን ዘንግ ሲሽከረከር በማዕዘኖቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስለሚተው፣ የሳተ እጅ ዘልቆ ይገባበታል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ክብ ዘንግ በቦታው እየተተካ ሲሄድ፣ የእጅ ጉዳቱ ቀለል አለ።

ቀጥሎ የተለወጠው ብረቱ ነው። ተራው የአረብ ብረት ሲግል ጥንካሬውን ያጣል። ፍሬድሪክ ቴይለርና ማንሰል ኋይት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በቤተልሔም ብረት ፋብሪካ ከ1898 ጀምሮ ባደረጉት ሙከራ፣ ተንግስተን የተቀላቀለበትን ብረት በከፍተኛ ሙቀት በማብሰል፣ ጫፉ እስኪቀላ ቢግል እንኳ መቁረጡን የማይተው መሣሪያ አገኙ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ትርኢት ሲያሳዩት መሐንዲሶቹ ተደነቁ። ዛሬ በምላጭ ላይ «ኤች ኤስ ኤስ» ተብሎ ተጽፎ የሚታየው የዚህ ብረት ምልክት ነው። ከዚያም በ1920ዎቹ የጀርመን ሰዎች የተንግስተን ካርባይድን ዱቄት በኮባልት አጣብቀው እጅግ ጠንካራ ነገር ሠሩ። የክሩፕ ኩባንያ ይህን ለገበያ ያቀረበው «ቪዲያ» ብሎ ነው፤ ትርጉሙም «እንደ አልማዝ» ማለት ነው።

ይህን ስናነብ አብዛኞቻችን በአንድ ድምፅ «ካርባይድ ይገዛ!» አልን። እንደ አልማዝ የጠነከረ ነገር እያለ ሌላ ለምን ይፈለጋል? ከመካከላችን አንዱ ግን በዳንግላ መንገድ ዳር ለብዙ ዓመታት እንጨት ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት እንደሚያውቅ ነገረንና አብረን ሄድን። አዛውንቱ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የላቸውም። ስለ ምላጭ ልንጠይቅ ሄደን አስቀድመን ስለ ጣታቸው ጠየቅን።

«ጋሼ፣ ምላጩ ስለት ስለ በዛበት ነው የቆረጠዎት?»

«የለም ልጆቼ፣ ስለት ስላጣ ነው። የደነዘ ምላጭ ግፋኝ፣ ግፋኝ ይላል። እኔም በሙሉ ጉልበቴ ገፋሁ፤ እንጨቱ ዘለለና እጄ ብቻውን እዚያ ቀረ። እናንተ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደሚስለው ጠይቁ።»

ሐሳባችንን የለወጠው ይህ ቃል ነው። የካርባይድ ምላጭ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ሲደንዝ ግን የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል፤ ይህም በአጠገባችን አልተገኘም። ከዚህም ሌላ ጥንካሬው ተሰባሪነት አለው። ሚስማር ሲያገኘው ጫፉ ይሸረፋል። የእኛ ክፍል ደግሞ ከሚልገው እንጨት ብዙው ከተሰበሩ የተማሪ ወንበሮች የተገኘ ነው፤ የቱንም ያህል ብንነቅል አንድ ሚስማር አይጠፋበትም። የኤች ኤስ ኤስ ምላጭም በሚስማር መሸረፉ አይቀርም፤ ነገር ግን በተራ መሳያ ድንጋይ፣ እንዳይግል ውኃ እየተነከረ፣ እንደገና ይሳላል።

የእንጨቱም ታሪክ በምርጫው ውስጥ ገብቷል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ አገራችን ገባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ደግሞ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከለከለ፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ቢተካም፣ አራቱ ዛፎች ብርቅ መሆናቸው አልተለወጠም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ለከሰል ብሎ የተከለው ዲከረንስ ኮረብታውን ሞላው። ዋንዛ ቀላልና ለመላግ የሚመች ነው። ባሕር ዛፍ ግን ከባድ ነው፤ ጭረቱም ስለሚጠማዘዝ የደነዘ ምላጭ እየቦጨቀ ያነሣዋል። አያቶቻችን በዋንዛ ላይ ወር የሚሠሩበት ስለት በባሕር ዛፍ ላይ ፈጥኖ ይደነዝዛል። ምላጫችን ቶሎ ቶሎ የሚሳል መሆን ይገባዋል ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ስሕተታችንንም እንናዘዝ። ዓምና አንድ ምላጭ ሲሸረፍ እርሱን ብቻ በአዲስ ተካን፤ ሁለቱ አሮጌዎች ግን በመሳል ብዛት ጠበው ነበር። አዲሱ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ቆመ፤ መኪናይቱም እንደ ጭነት መኪና ተንቀጠቀጠች። ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ግልጽ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ቢዞር፣ ሦስት ምላጮች 15,000 ጊዜ ይቆርጣሉ። ጣውላው በደቂቃ 5 ሜትር ቢሄድ፣ ለእያንዳንዱ ቁርጥ የሚደርሰው ከሚሊ ሜትር አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሆናል። አንዱ ምላጭ ብቻውን ከቆረጠ ግን አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ ሞገዱም በዓይን ይታያል። ከዚህ የተነሣ ዘንድሮ ሦስቱንም በአንድ ላይ ለመግዛት ወሰንን።

ለመግዛት የሄዱት ጓደኞቻችን ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን በወረቀት ጽፈው፣ ከአሮጌዎቹም አንዱን በጋዜጣ ጠቅልለው ያዙ። ከአንድ ሱቅ ያለ አንዳች ጽሕፈት የሚሸጥ ርካሽ ምላጭ ቀረበላቸው፤ ጽሕፈት የሌለውን አንገዛም ብለው ወጡ። ሻጩም ተቀየመ። በሌላ ስፍራ የተገኙትን ሦስት የኤች ኤስ ኤስ ምላጮች በሱቁ ሚዛን አንድ በአንድ አስመዘኑና እኩል ሆኑ።

ምላጮቹን ስናስር መምህራችን አጠገባችን ቆሙ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ነቅለው በእጃቸው ያዙት። እያንዳንዱ ምላጭ ከዘንጉ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም እንዳይወጣ አደረግን። ቀጥ ያለ እንጨት በኋለኛው ገበታ ላይ አጋድመን ዘንጉን በእጃችን ስናዞር፣ ሦስቱም ምላጮች እንጨቱን በእኩል ርቀት፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ገፋ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ብሎኖቹን ሁለት ሰው በየተራ አጠበቃቸው። የመጀመሪያው የተላገው እንጨት ወላጆቻችን በበዓሉ ቀን ለሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር የሚሆን የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። አሮጌዎቹን ምላጮች ግን አልጣልናቸውም፤ ሁለቱን በመሳያው ላይ አጥብበን፣ የእንጨት እጀታ አግብተን የእንጨት መሥመር ማመልከቻ ቢላዋ አደረግናቸው። ሦስተኛው ለዳንግላው አዛውንት ተላከ።