ከቶሳ ሥር ሰማይ ሲታይ

በደርግ ዘመን፣ እኛ ልጆች ሳለን፣ ደሴ ውስጥ አውሮፕላንን በድምፁ ያልለየ ልጅ እንደ ፈዛዛ ነበር የሚቆጠረው። አንቶኖቩ ከሩቅ ያጉረመርማል፤ ሄሊኮፕተሩ ሰማዩን እየደበደበ ይመጣል፤ ሚጉ ግን የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። አንዱ ስሙን ይጠራል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ክርክሩ ሳያልቅ አውሮፕላኑ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አያቴ ብቻ በዚህ ጨዋታ አትስቅም። «ስሙን ተዉትና ግቡ!» ነበር የምትለን።

እሷ የምታውቀው የ1928ቱን ነው። ጃንሆይ ጦሩን ለመምራት ደሴ በገቡ በቀናት ውስጥ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብና በእሳት አጋዩዋት። አሜሪካውያን አድቬንቲስቶች ያካሂዱት የነበረው የተፈሪ መኮንን ሆስፒታል እንኳ የቀይ መስቀል ምልክቱ አላዳነውም። ንጉሠ ነገሥቱ ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጋር የሚታዩበት ዝነኛ ፎቶግራፍ የደሴ ትዝታ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ለሠራዊቱ የወጣ ማሳሰቢያ ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ሰፊውን መንገድና ሜዳውን ትታችሁ በሸለቆ፣ በዛፍ ሥር ሂዱ ይላል። የሚያብረቀርቅ ጋሻ፣ የወርቅና የብር ካባና የሐር ልብስም ይቅር፣ ቀለሙ የደበዘዘ እጀ ጠባብ ይለበስ ይላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎቼ ሳላነሳ አላልፍም ነበር። የፉከራና የሽለላችን ጀግና ተሸልሞ፣ ታይቶ የሚገጥም ነው፤ እዚህ ግን ንጉሡ ራሳቸው «አትታይ!» አሉት። ስንት ዘመን የቆየ ጌጥ በአንድ አንቀጽ ወለቀ።

ማሳሰቢያው ሊሰጥ ያልቻለው ጊዜን ነው። ተራራ በከበባት ከተማ ድምፁ ሲሰማ እንግዳው ደርሷል። እንግሊዞች ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቪል በጎ ፈቃደኞችን ሰማይ እያስቃኙ በስልክ ያስወሩ ነበር። ለደሴ የቀረላት የየሰዉ ዓይንና ጆሮ ነው።

ዛሬስ? የመንገደኛ አውሮፕላን ማንነቱንና ያለበትን ቦታ ራሱ በሬዲዮ ይለፍፋል። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ጣሪያቸው ላይ በተከሉት ትንሽ አንቴና ይቀበሉታል፤ የሁሉም ተደምሮ ካርታ ይሆናል። በ2014 ጦርነት ወቅት፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ኢትዮጵያ የሚበሩ የጭነት አውሮፕላኖችን ባሕር ማዶ የተቀመጡ ሰዎች እንዲህ ነበር የተከታተሏቸው። በጥቅምት ወር በሕወሓት ኃይሎች እጅ የገቡት ደሴና ኮምቦልቻ ግን ስልካቸው ተቋርጦ ነበር። ወታደራዊ ድሮን ደግሞ እዚህ ነኝ ብሎ አይለፍፍም። መንግሥት ከተሞቹ መለቀቃቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደ 1928ቱ ድብደባ ዲሴምበር 6። (አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን መርሳት አቃተኝ።)

መንገዱ ሲከፈት ደሴ የምትኖረውን አክስቴን፣ «ድሮን መምጣቱን በምን ነበር የምታውቁት?» አልኳት።

«በውሻው ነዋ!» አለችኝ። «ጆሮውን አቁሞ አልጋ ሥር ሲገባ፣ እኛም እሱን ተከትለን።»