ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ፦ የሚሞት ሃርድ ዲስክ አጭር ታሪክ

መጀመሪያ ድምፁን ሰማን። ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ። ከዛ ዝም። ከዛ እንደገና ጠቅ… ጠቅ። ነገሩ የገባው ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ይገረጣል። እኛ ግን አልገባንምና «ማራገቢያው አቧራ በልቶ ይሆናል» ብለን ላፕቶፑን በመዳፋችን መታ መታ አደረግነው። (እባካችሁ አትሳቁ።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። የጋዜጠኝነት ትምህርታችንን ልንጨርስ ስንል ለመመረቂያ ፅሁፋችን ሁለት ሆነን አንድ አዛውንት ቃለ መጠይቅ አድርገን ነበር። ጋሼ እንበላቸው። በወጣትነታቸው ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል ከሳጥን አንድ በአንድ እየለቀሙ ጋዜጣ የሚደረድሩ። 47 ደቂቃ አወሩን። በመሃል በመሃል «ልጆቼ፣ ቡናችሁ ቀዘቀዘ እኮ» ይሉናል። ድምፃቸውን ወደ ላፕቶፑ ገለበጥንና መቅረጫውን ለሌላ ሥራ ስለፈለግነው ከሱ ላይ አጠፋነው። ተመረቅን። ጋሼ በዓመቱ አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ደወለችልን። «የአባዬ ድምፅ እናንተ ጋ አለ አሉ። እኛ ሌላ የለንም።»

«አለ እንጂ!» ብለን ላፕቶፑን ከፈትነው። ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ።

እንግዲህ ከዛ ቀን በኋላ ነው ይህ የብረት ሳጥን ውስጡ ምን እንዳለ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚሞትና መቼ እንደሚተርፍ ማንበብ የጀመርነው። ያነበብነውን ይኸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቶን የሚመዝነው ቅድመ አያት

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ የወጣው በ1956 ነው። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በሚገኘው ቤተ ሙከራው፣ በሬይኖልድ ጆንሰን መሪነት ሠርቶ ራማክ ከተባለው ኮምፒውተሩ ጋር አቀረበው። እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች በአንድ ምሰሶ ላይ ተደርድረው በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነበር። ይህ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ዘፈን ኤምፒ3 ሲሆን ከዚያ ያላነሰ ቦታ ይወስዳል። ኮምፒውተሩን ከነዲስኩ ለመከራየት በወር 3,200 ዶላር ይጠየቅ ነበር።

ትልቁ ነገር ግን መጠኑ አልነበረም። ከዚያ በፊት መረጃ በተበሳ ካርድና በቴፕ ነበር የሚቀመጠው። ቴፕ ላይ መሃል ያለውን ለማግኘት ከጫፍ ጀምሮ ማጠንጠን ግድ ነው፤ ራማክ ግን የምትፈልገው ቦታ ዘው ብሎ ይገባል። የጋሼ የፊደል ሳጥንም እንዲሁ ነበር። «ሀ»ን ለማንሳት ከ«ፐ» አይጀመርም።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ በ1973 መጣ። አይቢኤም ዊንቸስተር በሚል ቅፅል ስም የሚታወቀውን ዲስክ አወጣ። ሳህኖቹና መረጃውን የሚያነበው ራስ አንድ ላይ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ገቡ፤ ራሱም በጣም ቀላል ሆነ፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠረው ንፋስ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ዛሬ ያሉት ተሽከርካሪ ዲስኮች በሙሉ የዚህ የልጅ ልጆች ናቸው። የኛም ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዛሬ ዲስክ ራሱና ሳህኑ የሚራራቁት በጥቂት ናኖ ሜትር ነው። ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ያነሰ ክፍተት ማለት ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ገባች ማለት አስፋልት ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ፊት ቋጥኝ ተደቀነ ማለት ነው። ራሱ ሳህኑን ከነካው ደግሞ መረጃውን የያዘውን ስስ ሽፋን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ብናኝ ተመልሶ ሌላውን ይፍቃል። የተፋቀ ነገር ደግሞ የትም ቢሄዱ አይመለስም።

ዲስኩ ከረጢት ውስጥ ሲገባ

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የማነስ ታሪክ ነው። በ1980 ለትንንሽ ኮምፒውተሮች የሚሆነው 5 ሜጋ ባይት የሚይዘው የሲጌት ዲስክ ወጣ። በ1988 ፕሬሪቴክ የተባለ ኩባንያ 2.5 ኢንች ስፋት ያለውንና 20 ሜጋ ባይት የሚይዘውን አመጣ፤ ላፕቶፖች ለረጅም ዘመን የተሸከሙት መጠን ይኸው ነው። በዚያው 1988 አልበር ፌርና ፒተር ግሩንበርግ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ለየብቻቸው ባገኙት የማግኔት ባህርይ የተነሳ ዲስክ የሚይዘው መጠን በኋላ እንደ ጉድ ተመነደገ፤ ለዚሁም በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ራማክ ከተተከለበት አይነቃነቅም ነበር። ላፕቶፕ ግን ታክሲ ይሳፈራል፣ ከጠረጴዛ ይወድቃል፣ መብራት ሲጠፋ ይደነግጣል (ባትሪው ከሞተ ማለታችን ነው፤ የኛው ሞቶ ነበር)። ኩባንያዎቹም ይህን አውቀው ነው አይቢኤም በ2003 ቲንክፓድ ላፕቶፖቹ ላይ፣ አፕል ደግሞ በ2005 የራሱ ላይ፣ መውደቅ ሲጀምር አውቆ ራሱን ከሳህኑ ላይ ፈጥኖ የሚያነሳ መሣሪያ የገጠሙት። እሱም ሁልጊዜ አያድንም።

ታዲያ ያ ጠቅታ ምንድነው? ራሱ ሳህኑ ላይ አቅጣጫ የሚያሳዩትን ምልክቶች ማንበብ አቅቶት ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ሲሞክር የሚሰማ ድምፅ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው መስመሩ እየጠፋበት ከገፁ አናት ደጋግሞ እንደሚጀምር ቁጠሩት።

ሁለት ዓይነት መጥፋት

መረጃን የማዳን ሥራ ዕድሜው ከግል ኮምፒውተር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በ1982 ፒተር ኖርተን የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሸጠ። ምስጢሩ ቀላል ነበር። በዶስ ዘመን ፋይል ሲያጠፉ ኮምፒውተሩ ፅሁፉን አይደመስሰውም፤ በዝርዝሩ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ቀይሮ «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ብሎ ብቻ ምልክት ያደርጋል። ለዛ ነው እነዚያ የድሮ ፕሮግራሞች ፋይሉን ሲመልሱ «የመጀመሪያው ፊደል ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ የነበረው።

ሌላው መጥፋት የዕቃው ራሱ መበላሸት ነው። ይህኛው ፕሮግራም ብቻ አይበቃውም፤ ከአቧራ የፀዳ ክፍል፣ ተለዋጭ ራስና የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። በዚህ ሥራ ስም ካወጡት አንዱ በ1985 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የተመሠረተው ኦንትራክ ነው።

የኦንትራክን ስም ዓለም የሰማው በአሳዛኝ አጋጣሚ ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ከፍርስራሹ መሃል ከወራት በኋላ አንድ የተቃጠለ ብረት ተገኘ። ዜኖን የተባለው ጋዝ እንዴት እንደሚፈስ የሚያጠና ሙከራ ውጤት የተቀመጠበት ባለ 400 ሜጋ ባይት ገደማ ሃርድ ዲስክ ነበር። ከውጤቱ ከፊሉ በጉዞው ላይ ሳሉ በሬዲዮ ወደ ምድር ተልኳል፤ የቀረው ግን እዚያ ውስጥ ነው።

የዲስኩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተቃጥሎ አይታወቅም ነበር። ከአቧራ የሚከላከለው ማሸጊያ ቀልጦ ቆሻሻ ገብቶበታል። የኦንትራኩ መሐንዲስ ጆን ኤድዋርድስ ሳህኖቹን አውጥቶ አጠባቸው፣ አዲስ አካል ውስጥ ገጠማቸው፣ 99 በመቶውን አነበበ። ሁለት ሌሎች ዲስኮችም ተገኝተው ነበር፤ እነሱ አልተረፉም።

ይህኛው ለምን ተረፈ? የእጅ ጥበብ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ በዶስ የሚሠራ ስለነበር መረጃውን ሳይበታትን ተራ በተራ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ዲስኩ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር የተፃፈበት፤ የተጎዳው ቦታ ባዶው ሆኖ ተገኘ። የሙከራው ውጤትም በ2008 በሳይንስ መፅሔት ታተመ። ሰዎቹ ያለፉበት ሥራ ግቡን መታ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ታዲያ ዲስክ ሊሞት ሲል አይናገርም ወይ? ይናገራል፤ ግን አይታመንም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዲስኮች ስማርት የሚባል የራስ ምርመራ አላቸው። በ2007 የጎግል ተመራማሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ በራሱ ፍተሻ የመጀመሪያውን የንባብ ስህተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስህተት ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ከተበላሹት ውስጥ ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሙቀት በቀር አንድም የማስጠንቀቂያ ምልክት አላሳዩም ነበር። ሲናገር ስሙት፤ ዝም ሲል ግን ደህና ነው አትበሉ!

እኛ ሲናገርም አልሰማንም። አንድ ጥገና ቤት ሄደን «ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት» ተባልን። ይህ ምክር በድሮ ዲስኮች አንዳንዴ ሠርቷል ይባላል፤ ነገር ግን ከቅዝቃዜ ሲወጣ ሳህኑ ላይ የሚቋጥረው ጠል ለዚያ የናኖ ሜትር ክፍተት መርዝ ነው። ደግነቱ ከማሳደራችን በፊት አንድ ሌላ ልጅ አገኘን። ገና ሲያየን ያለን ነገር «ስንት ጊዜ አበራችሁት?» ነው። አፈርን። ምናልባት 20 ጊዜ። «በቃ፣ ከአሁን በኋላ እንዳታበሩት። እያንዳንዷ ማብራት ከቀረው ዕድሜው ላይ ነው የምትቀነሰው።» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን።

ልጁ ያደረገው እንዲህ ነው። ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘውና ዲዲሬስኪው የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አስነሳ። ይህን ፕሮግራም የጀመረው አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ ነው፤ በ2004። ብልሃቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተራ ኮፒ ማድረግ የተበላሸ ቦታ ሲደርስ እዚያው ይታገላል፤ ሲታገልም ዲስኩ ይሞታል። ይህኛው ግን ደህናውን ቦታ በሙሉ ቀድሞ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጣል፤ የታመመውን ዘሎ ያልፍና የቀረውን በመዝገብ ይፅፋል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ተመልሶ ይለምነዋል። የቆሰለ ሰው የተሸከመው ሰነድ እንዳይጠፋ መጀመሪያ ሰነዱን ተቀበሉት፣ ምርመራው ኋላ ይደርሳል እንደ ማለት።

የኛ ዲስክ እየጠቀጠቀም ቢሆን አልፎ አልፎ ይነሳ ስለነበር ዕድል ነበረው። ሦስት ቀን ፈጀ። ከዛ ሁለተኛ ድንጋጤ መጣ፤ የፅሁፍ ማስታወሻዎቻችን ተርፈው ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርኪምርኪ ሆኑ። ለካ ያስተየብነው ኮምፒውተር ፅህፈት ቤት የተጠቀመው በድሮው አሠራር፣ የግዕዝ ቅርፅን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በሚያስቀምጥ ፎንት ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድሮው ስንፅፍ ኖረናል። ያንን ፎንት ፈልገን እስክናገኝ ድረስ ጤነኛ ፋይል ይዘን ማንበብ ያልቻልን ሆንን። ዲስክ ብቻ አይደለም የሚሞተው ማለት ነው።

የጎደለው ስድስት ደቂቃ

የጋሼ ድምፅ ተገኘ። 41 ደቂቃው። መሃል ላይ ስድስት ደቂቃ ፀጥታ አለ፤ ዲስኩ የተፋቀበት ቦታ። ማስታወሻችንን ስናየው እዚያ ቦታ ላይ «ስለ ባለቤታቸው አወሩ፣ ለፅሁፉ አይጠቅምም» ብለን አልፈነዋል። አልገለበጥነውም። ፀጥታው ሲያበቃ የሚሰማው «…ልጆቼ፣ ቡናችሁ ቀዘቀዘ እኮ» የሚለው ነው።

ይህን ለልጃቸው መንገር ከዲስኩ በላይ ከበደን። ስለ እናቷ የተነገረው ነው የጠፋው። ሰምታ ዝም አለችና «ይሄም ብዙ ነው» አለች። እኛ ግን ብዙ አልመሰለንም።

በዚያው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ፣ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መፃህፍት በማይክሮፊልም ተቀምጠዋል። ፊልም የማንሳቱ ሥራ የተጀመረው በ1973 ነው፤ አብዮቱ ከመፈንዳቱ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ካታሎግ ሲሠሩላቸው ኖሩ። ሥራው የተጀመረው መፃህፍቱ በየገዳሙና በየቤተ ክርስቲያኑ በደህና ሳሉ ነው። ዋናው ላይ እሳት ወይም ሌባ ቢመጣ እንኳ ቃሉ ሌላ ቦታ አለ። አባቶቻችንም ብራና የሚገለብጡት አርጅቶ ከመበጣጠሱ በፊት ነበር።

የዛሬ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የሚሽከረከር ሳህን የላቸውም፤ ኤስኤስዲ ነው። ጠቅ አይልም። ነገር ግን ሲሞት ብዙ ጊዜ ድንገት ነው፤ የጠፋ ፋይልንም ዲስኩ ራሱ ከጀርባ ስለሚያፀዳው የኖርተን ዘመን ብልሃት እምብዛም አይሠራበትም። ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። የምትወዱት ሰው ድምፅ ስልካችሁ ላይ ካለ ዛሬ ማታ ሌላ ሁለት ቦታ ገልብጡት፤ አንዱን ከቤት ውጪ አስቀምጡ። «አይጠቅምም» ያላችሁትንም ጨምራችሁ።

ቸር እንሰንብት።