የጣት ላይ መለኪያውና ያልተለካው ሰው

የአንድ መለኪያ መሣሪያ ታሪክ የፈልሳፊው ታሪክ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ሲሠራ የተለካውና ሳይለካ የቀረው ሰው ታሪክም ጭምር ነው። የደምን ኦክሲጅን ከጣት ላይ የሚያነበው ፐልስ ኦክሲሜትር ለዚህ ዓይነተኛ ምስክር ነው።

የመሣሪያውን መሠረተ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረገው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነበር። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በአካል ውስጥ ሲያልፍ ከልብ ምት ጋር የሚዋዥቀው የደም ቅዳ ደም በመሆኑ፣ የማይለዋወጡት ቆዳና አጥንት ከስሌቱ ይወገዳሉ ተብሎ ታሰበ። ጥቁር ቆዳ ግን ብርሃኑን፣ በተለይም ቀዩን፣ ይበልጥ ስለሚውጥ ስሌቱ እንደታሰበው ፍጹም አልሆነም።

ከዚህም በላይ፣ የሁለቱ ብርሃናት ንጽጽር ወደ መቶኛ የሚለወጠው፣ በጎ ፈቃደኞች ኦክሲጅኑ የተቀነሰ አየር እየተነፈሱ ደማቸው ተመርምሮ በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ እንኳ ከ10 ተፈታኞች 2ቱ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ቢሆኑ ይበቃል የሚል ነበር።

ማስጠንቀቂያው አልታጣም። በ1990 የታተመ ጥናት ንባቡ በጥቁር ሕሙማን ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳት አመልክቷል፤ በ2005 የወጣ ሌላ ጥናትም ኦክሲጅን ሲያንስ መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ አብዝቶ እንደሚያነብ አሳይቷል። ሆኖም ጉዳዩ ከሙያ መጽሔቶች ገጽ ብዙም ሳይወጣ ቆየ።

መጋረጃውን የገለጠው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን በሐኪም ቤት ተመዝግቦ የተቀመጠ መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የጣት ንባብን ከደም ምርመራ ጋር አስተያዩ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ልኬቶች፣ እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6፣ በጥቁሮች ግን 11.7 በመቶ ላይ ነበር። በዚያ የወረርሽኝ ዓመት ኦክሲጅን ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን ሐኪሞች ይህንኑ ቁጥር ይመለከቱ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በጥር 2025 ባወጣው ረቂቅ የተፈታኞቹ ቁጥር 150 ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን፣ የቆዳቸውም ቀለም በመሣሪያ ጭምር እንዲለካ ሐሳብ አቀረበ። መሣሪያው በኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶችም የሚሠራበት በመሆኑ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዕቃውን መርምሮ የሚረከብ መሐንዲስ ከዋጋውና ከዋስትናው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ሠንጠረዡ በማን ጣት ላይ እንደተዘጋጀ ነው።